የሕንፃ አስተዳዳሪው ዝም ሲል፦ የአፓርታማ ባለቤት አቤቱታውን ለማን ያቅርብ?

አፓርታማ የሚገዛ ሰው በአንድ ውል ሁለት የተለያዩ ንብረቶችን ይረከባል። የመጀመሪያው በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚያዝበት ቤት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሌሎች ባለቤቶች ጋር የሚጋራው ጣሪያ፣ መሠረት፣ ደረጃ፣ ሊፍት፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ እና ግቢ ነው። በቤቱ ውስጥ ያለው ቧንቧ ቢበላሽ ባለቤቱ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ በዕለቱ ያስጠግናል። በግድግዳ ውስጥ አልፎ ፎቆቹን ሁሉ የሚያገለግለው ዋና መስመር ሲያፈስ ግን ውሃው የሚንጠባጠበው እርሱ ሳሎን ውስጥ ቢሆንም መስመሩን ለመጠገን ሥልጣን የለውም። ያን ሥራ የማስፈጸም ውክልና የተሰጠው ለሕንፃ አስተዳዳሪው ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ደብዳቤ ሲጻፍለት የማይመልስ፣ ስልክ ሲደወልለት የማያነሳ፣ ሲያነሳም «እንከታተላለን» ብሎ የውሃ ሽታ የሚሆን ከሆነ፣ ባለቤቱ መዋጮውን በየወሩ እየከፈለ በገዛ ቤቱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እጁን አጣምሮ ለመመልከት ይገደዳል።

ሁኔታው ያስቆጣል፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ባለቤቶች ቁጣቸውን የሚያሳርፉት ስልኩን ባላነሳው ሠራተኛ ላይ በመሆኑ ወራት ያልፋሉ፣ ለውጥ ግን አይመጣም። በእኔ እምነት የአስተዳዳሪው ዝምታ በአመዛኙ የሚመነጨው ከሠራተኞቹ ጠባይ ሳይሆን ተጠያቂነቱ ለማን እንደሆነ ከሚወስነው አደረጃጀት ነው። በመሆኑም ብዙ ተስፋ ያለው መንገድ ደጋግሞ መጮኽ ሳይሆን፣ የአንድን ቤት ቅሬታ የሕንፃው ባለቤቶች በጋራ ሊወስኑበት ወደሚገባ ጉዳይ መለወጥ ነው።

ቀጣሪው ማን ነው?

አስተዳዳሪው ውል የፈረመው ከእያንዳንዱ የአፓርታማ ባለቤት ጋር ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቶቹ ማኅበር ጋር ነው። የአገሮች ሕግ በዝርዝሩ ቢለያይም በዚህ ነጥብ ላይ በእጅጉ ይቀራረባል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የጋራ ባለቤትነት ሕግ የአንድ ሕንፃ ባለቤቶችን ሁሉ ሕጋዊ ሰውነት ባለው አንድ አካል ያሰባስባል፤ አስተዳዳሪው የዚህ አካል አስፈጻሚ ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የጸናው የሕግ ማሻሻያ የጋራ ንብረቱን ማስተዳደር የባለቤቶቹ ማኅበረሰብ ኃላፊነት መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። በኢትዮጵያም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን አስተዳደር የሰጠው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። የእንግሊዝና የዌልስ ሁኔታ ከእነዚህ ይለያል፤ በዚያ አብዛኛው አፓርታማ የሚያዘው በረጅም ዘመን ሊዝ በመሆኑ አስተዳዳሪውን የሚቀጥረው ብዙውን ጊዜ የሕንፃውና የመሬቱ ባለቤት ሲሆን፣ ወጪውን የሚሸፍኑት ግን አፓርታማዎቹን የያዙት ሰዎች ናቸው። ከፋዩና ቀጣሪው እንዲህ ሲለያዩ የዝምታው ችግር ይብሳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለባለቤቱ የሚዋጥ አይደለም። አስተዳዳሪው ከአንድ ባለቤት የሚደርሰውን ደብዳቤ የሚያነበው ከቀጣሪው እንደመጣ ትእዛዝ ሳይሆን፣ ከብዙ ጠያቂዎች መካከል ከአንዱ እንደመጣ ጥያቄ ነው። ውሉን የማደስም ሆነ የማቋረጥ ሥልጣን ያለው ጠቅላላ ጉባኤው ወይም ጉባኤው የወከለው ኮሚቴ ነው፤ ስለዚህ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስልክ ሲደውል ወዲያው ይነሳል፣ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ሲደውል ግን አይነሳም። በዚህ ላይ የክፍያው ሥርዓት ይጨመራል። የአስተዳዳሪ ድርጅቶች መደበኛ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በሕንፃው ውስጥ ባሉት ቤቶች ብዛት ተሰልቶ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈል ቋሚ ሒሳብ ነው። ለአሥር ደብዳቤዎች ቢመልሱም ለአንዱም ባይመልሱ ገቢያቸው ያው ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስገኝላቸው የትልልቅ ጥገናዎች ክትትል ወይም አዲስ ሕንፃ መረከብ ነው። አንድ ሠራተኛ በርካታ ሕንፃዎችን እንዲይዝ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ ያ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ደግሞ የሕንፃው ታሪክ ሁሉ አብሮት ይሄዳል፣ የሚተካውም ጉዳዩን ከዜሮ ይጀምራል።

ዝምታው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

ብዙ ጊዜ ሲታለፍ የማየውና ከሁሉ በላይ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። ባለቤቱ ማንኛውንም እርምጃ ከመውሰዱ በፊት አስተዳዳሪው ለምን ዝም እንዳለ ለማወቅ መጣር አለበት፤ ምክንያቱም ለአንዱ ዓይነት ዝምታ የሚሠራው መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። አስተዳዳሪው ሥራ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ሥልጣን አጥቶም ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ ውሎች አስተዳዳሪው ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ሊያወጣ የሚችለውን ገንዘብ ይገድባሉ፣ ጥገናው ከዚያ ጣሪያ በላይ ከሆነና ኮሚቴው ካልተሰበሰበ አስተዳዳሪው የሚሰጠው መልስ ስለሌለው ዝም ይላል። የማኅበሩ ሒሳብ ባዶ ሆኖም ሊሆን ይችላል፤ መዋጮ የማይከፍሉ ባለቤቶች በበዙበት ሕንፃ ውስጥ ተቋራጩ ያለ ቅድሚያ ክፍያ አልመጣም ይላል፣ አስተዳዳሪውም የጎረቤትን ዕዳ ለጎረቤት መንገር ስለሚከብደው ጥያቄውን ያድበሰብሳል። ኮሚቴው ራሱ ለግለሰብ ባለቤቶች መልስ እንዳይሰጥ አዝዞት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በመጨረሻም የሚደብቀው ነገር ስላለ ዝም የሚል አስተዳዳሪ አለ፤ ይህ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይ ጉዳይ ነው።

እነዚህን ለመለየት አስቸጋሪ ምርመራ አያስፈልግም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል፦ የጥገና ትእዛዝ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም? ከተሰጠ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ተቋራጭ? ካልተሰጠስ የሚጠበቀው የማን ውሳኔ ነው? ሥራ የበዛበት አስተዳዳሪ ረጅም የአቤቱታ ደብዳቤ ሲደርሰው ለነገ ያቆየዋል፤ እንዲህ ላለ አጭር ጥያቄ ግን መልስ መስጠት አይከብደውም። ሥልጣን ያጣውም ቢሆን «የኮሚቴውን ውሳኔ እየጠበቅን ነው» ብሎ ሲመልስ ባለቤቱ ቀጣዩን ደብዳቤ ለማን መጻፍ እንዳለበት ያውቃል። አጭሩን ጥያቄም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የሚያልፍ፣ በተለይም ስለ ሒሳብ ሲጠየቅ ይበልጥ የሚጠፋ አስተዳዳሪ ካጋጠመ ግን የመዝገብ ምርመራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደብዳቤው ምን ይዞ ይሂድ?

በስልክ የተነገረ አቤቱታ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የተጻፈም ከዚያ ብዙ አይሻልም፤ በቡድኑ ውስጥ የሚጻፈው ቁጣ ጎረቤቶችን ለማንቃት ይረዳ እንደሆነ እንጂ አስተዳዳሪው ጉዳዩን መቼ እንዳወቀ አያረጋግጥም። በኋላ የካሳ ጥያቄ ቢነሳ፣ የመድን ድርጅት ቢጠይቅ ወይም ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ከምንም በላይ የሚመዘነው አስተዳዳሪው ስለ ጉዳቱ በጽሑፍ የተነገረበት ቀን ነው።

ከኮርኒስ የሚንጠባጠብ ፍሳሽን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። «ቤቴ እየፈረሰ ነው፣ ስንት ጊዜ ነው የምነግራችሁ!» የሚል መልእክት እውነትም ቢሆን ለአስተዳዳሪው የሚያስጨብጠው ነገር የለም። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ፣ ዋናው የፍሳሽ መስመር በሚያልፍበት ማዕዘን በኩል፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል እርጥበት ታይቷል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ ክንድ ሰፍቷል፤ ቀለሙ ተላጥቷል፣ ከላይ ያለው ቤት ውሃ ሲጠቀም ጠብታው ይጨምራል። ቀን የተጻፈባቸው አራት ፎቶግራፎች ተያይዘዋል። መስመሩ የጋራ መጠቀሚያ በመሆኑ ቧንቧ ሠራተኛ ተልኮ ምክንያቱን እንዲለይ፣ የሚመጣበትም ቀን እስከ ፊታችን ዓርብ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለማኅበሩ ሰብሳቢ።» በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቦታው፣ ጊዜው፣ የጉዳቱ አካሄድ፣ የኃላፊነቱ ምክንያት፣ የሚፈለገው እርምጃና የጊዜ ገደቡ ሁሉም አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው መስመር ነው። ግልባጩ ለማኅበሩ ሰብሳቢ ሲደርስ አስተዳዳሪው ቀጣሪው እያየው መሆኑን ያውቃል፤ ሰብሳቢውም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አልሰማሁም» ማለት አይችልም።

ገደቡ ሲያልፍ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፋል፤ የሚጻፈው ግን በተመሳሳይ ድምፅ አይደለም። ሁለተኛው ደብዳቤ በዋናነት ለማኅበሩ ኮሚቴ የተላከ ሆኖ ለአስተዳዳሪው በግልባጭ ይደርሰዋል፤ የአስተዳደር ውሉን አንቀጽ ይጠቅሳል፣ ጉዳዩም በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲያዝ ይጠይቃል። ሦስተኛና አራተኛ ማስታወሻ ለዚያው ዝም ላለ አድራሻ እየላኩ መቆየት ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

መዋጮ ማቆም ለምን አያዋጣም?

በተበሳጨ ባለቤት አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «እስኪመልሱልኝ አልከፍልም» የሚለው ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። መዋጮው የአስተዳዳሪው ገንዘብ አይደለም። የሊፍት ጥገና፣ የጽዳትና የጥበቃ ደመወዝ፣ የሕንፃው የመድን ዓረቦንና የመጠባበቂያ ፈንዱ የሚሸፈኑት ከዚያው ነው፤ አስተዳዳሪው የራሱን ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ አስቀድሞ ስለሚወስድ፣ ባለቤቱ መክፈል ሲያቆም የሚጎዳው አስተዳዳሪው ሳይሆን ጥገናው ነው። በሕግ በኩልም ባለቤቱ ራሱን ያጋልጣል። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት መዋጮው 30 ቀንና ከዚያ በላይ የዘገየበት ባለቤት በጉባኤ ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስም ዕዳ ያለበት ባለቤት በአብዛኛው ጉዳይ ላይ የመምረጥ መብቱን ያጣል። አስተዳዳሪውን ለማንሳት የሚያስፈልገው ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁን በገዛ እጁ የሚያሳጣ እርምጃ መውሰድ ከዓላማው ጋር ይጋጫል። በክፍያው ላይ እውነተኛ ክርክር ያለበት ባለቤት ተቃውሞውን በጽሑፍ አስመዝግቦ መክፈል፣ ከዚያም ገንዘቡን በተገቢው መንገድ መጠየቅ ይሻለዋል።

ጉዳቱ የማይጠብቅ ሲሆንስ? የጋራ መስመር ፈንድቶ ውሃ ወደ ቤት ሲገባ የጉባኤ ውሳኔ ይጠበቅ የሚል ሰው የለም። የጀርመን ሕግ ለምሳሌ እያንዳንዱ ባለቤት በጋራ ንብረቱ ላይ ሊደርስ የተቃረበን ጉዳት ለማስቀረት አስፈላጊውን እርምጃ የሌሎችን ፈቃድ ሳይጠብቅ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ድንበሩ ግን ጠባብ ነው፤ ጉዳቱን ማስቆም ይፈቀዳል፣ በዚያው አጋጣሚ መስመሩን በሙሉ ማስለወጥ ግን አይፈቀድም። ወጪውን ለማስመለስ የሚፈልግ ሰው ከጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ያንሳ፣ የተሰበረውን ቁራጭ አይጣል፣ ሠራተኛው የሠራውን ዘርዝሮ የጻፈበትን ደረሰኝ ይቀበል፣ ለአስተዳዳሪውና ለኮሚቴውም በዚያው ዕለት በጽሑፍ ያሳውቅ። የሕንፃውና የራሱ የመድን ውል የማስታወቂያ የጊዜ ገደብ ሊኖራቸው ስለሚችል ያን ማየትም ለነገ የሚተው አይደለም።

መዝገቡን ማየት

ባለቤት የማኅበሩን መዝገብ የማየት መብት አለው፤ ይህ መብት ግን በሚገባው መጠን ሥራ ላይ ሲውል አይታይም። በጀርመን ማንኛውም ባለቤት የአስተዳደር ሰነዶችን ለማየት መጠየቅ ይችላል። በኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2017 የጋራ ሕንፃዎችን ክርክር የሚያይ ልዩ ዳኝነት አካል ሲቋቋም በመጀመሪያ እንዲያይ የተፈቀደለት የመዛግብት ክርክር ነበር፤ ባለቤቶች ሰነድ ሲከለከሉ የሚሄዱበት ፈጣን ቦታ አስፈልጓቸው እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መዝገቡ ሲከፈት በቅድሚያ የሚጠየቀው የአስተዳደር ውሉ ነው። አስተዳዳሪው ለመመለስ ስንት ቀን አለው? በራሱ ፈቃድ እስከ ስንት ማውጣት ይችላል? ውሉ መቼ ያበቃል፣ ማንም ካልተቃወመስ በራሱ ይታደሳል? ብዙ ባለቤቶች ውሉን አንድም ቀን ሳያዩት ዓመታት ስለሚያልፉ፣ የእድሳቱ ማስታወቂያ ጊዜ ሳይታወቅ አልፎ የማይፈልጉት አስተዳዳሪ ለተጨማሪ ዘመን ይቀጥላል። ቀጥሎ የሚታዩት የባንክ መግለጫው፣ መዋጮ ያልከፈሉ ባለቤቶች ጠቅላላ ዕዳ፣ የመጠባበቂያ ፈንዱና የተቋራጮች ደረሰኞች ናቸው።

እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ለአንድ የፓምፕ ጥገና የቀረቡ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያዎች ፋይል ውስጥ ቢገኙ ሥርዓቱ የተጠበቀ ይመስላል። ሦስቱም በአንድ ቀን የተጻፉ፣ የሥራውን ዝርዝር በተመሳሳይ ቃላትና በተመሳሳይ የፊደል ስህተት ያሰፈሩ ከሆነ ግን ማን እንዳዘጋጃቸው መጠየቅ ተገቢ ነው። የመድን ውሉም እንዲሁ ይመርመር፤ አስተዳዳሪው ከመድን ድርጅቱ ወይም ከተቋራጮቹ የሚቀበለው ኮሚሽን ካለ ቀጣሪዎቹ ሊያውቁት ይገባል። በደረሰኙ ላይ «ጠቅላላ ጥገና» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ወጪ በየወሩ በተቀራራቢ መጠን ሲደጋገም ዝርዝሩ ይጠየቅ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ክስ ማቅረብ አያስፈልግም። የማኅበሩ አባል የራሱን ገንዘብ አጠቃቀም እየጠየቀ ነው፤ ጥያቄው በጨዋ ቃል ሲቀርብ መልስ የመከልከሉ ኃላፊነት በአስተዳዳሪው ላይ ይወድቃል።

ጎረቤቶችና ጉባኤው

አንድ ሰው ብቻውን የሚያቀርበው አቤቱታ በቀላሉ የጠብ ፈላጊ ንግግር ተደርጎ ይታለፋል። ስምንት ባለቤቶች በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ ግን ጉዳዩ የአስተዳደር ጉዳይ ይሆናል። ጎረቤት ሲጠየቅ «አስተዳዳሪው መጥፎ ነው፣ አይደል?» ብሎ መጀመር አይመከርም፤ እያንዳንዱ ቤት ያቀረበውን ጥያቄ፣ ያቀረበበትን ቀንና ያገኘውን መልስ በአንድ ሠንጠረዥ ማሰባሰብ ይሻላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው እርጥበት፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የውሃ ግፊት ማነስና ምድር ቤት ውስጥ ያለው የፍሳሽ ሽታ የአንድ መስመር ችግር መሆናቸው የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሲሰባሰቡ ነው።

ጉባኤ ለማስጠራት የሚያስፈልገው የፊርማ ብዛት በሕግ ወይም በመተዳደሪያ ደንቡ ይወሰናል። በጀርመን ከአራት ባለቤቶች ከአንዱ በላይ ምክንያታቸውን ገልጸው ከጠየቁ አስተዳዳሪው ጉባኤ የመጥራት ግዴታ አለበት፤ አስተዳዳሪ ከሌለ ወይም እንቢ ካለ የባለቤቶቹ አማካሪ ቦርድ ሰብሳቢ ሊጠራ ይችላል። በኦንታሪዮ 15 በመቶ የሚሆኑ ቤቶች ባለቤቶች ይበቃሉ። ከሕንፃው ርቀው የሚኖሩና ቤታቸውን ያከራዩ ባለቤቶች በዚህ ጊዜ ይረሳሉ፤ ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ የሚበተነው ግን ብዙውን ጊዜ በእነርሱ መቅረት ነው። ስለዚህ የውክልና ወረቀታቸውን አስቀድሞ ማሰባሰብ ከስብሰባው ንግግር የማይተናነስ ክብደት አለው።

አንድ ከባድ እውነት እዚህ ላይ መነገር አለበት፤ አንዳንድ ጊዜ ዝም ያሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ሰርፍሳይድ በምትባል ከተማ የሚገኝ ባለ 12 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በጁን 24 ቀን 2021 ሌሊት በከፊል ፈርሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ሦስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ2018፣ አንድ መሐንዲስ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው የውሃ መከላከያ ተበላሽቶ ከሥሩ ባለው ኮንክሪት ላይ ከባድ ጉዳት እያስከተለ መሆኑን ለማኅበሩ በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ወጪው ክርክር ተነሣ፣ የቦርድ አባላት ተቀያየሩ፣ ልዩ መዋጮ የጸደቀውም በ2021 ነበር፤ ሕንፃው ሲፈርስ ዋናው የኮንክሪት ጥገና ገና አልተጀመረም። ፍሎሪዳ በ2022 ባወጣችው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የጋራ ሕንፃዎች በተወሰነ ዕድሜያቸው በመሐንዲስ እንዲመረመሩና ለዋና ዋና የሕንፃ ክፍሎች የሚሆን መጠባበቂያ እንዲሰሉ አስገደደች። አስተዳዳሪው ለጥገና ጥያቄ የማይመልሰው ጉባኤው መዋጮ ለመጨመር ፈቃደኛ ስላልሆነ ከሆነ፣ አስተዳዳሪ መቀየር አንዲትም የዛገ ብረት አያድንም። ስብሰባው ላይ ይህን በግልጽ የሚናገር ባለቤት አይወደድ ይሆናል፤ ቢሆንም ሊናገር ይገባል።

ማኅበሩ ራሱ የማይንቀሳቀስ ወይም ከአስተዳዳሪው ጋር የተሻረከ ከሆነ ከሕንፃው ውጭ ያለ አካል ይፈለጋል። በእንግሊዝ ከኦክቶበር 2014 ጀምሮ የንብረት አስተዳዳሪ ድርጅቶች መንግሥት ያጸደቀው የቅሬታ ሰሚ ተቋም አባል እንዲሆኑ ይገደዳሉ፤ ባለቤቱ በቅድሚያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ቅሬታ ማቅረብ አለበት፣ በስምንት ሳምንት ውስጥ መፍትሔ ካላገኘ ግን ወደ ተቋሙ መሄድ ይችላል። በዚያው አገር የንብረት ክርክሮችን የሚያይ ልዩ ዳኝነት አካል ሥራውን በአግባቡ ያልተወጣን አስተዳዳሪ በሌላ ሊተካ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግ ደግሞ አፓርታማዎቹን በሊዝ የያዙ ብቁ ሰዎች ጥፋት ማስረዳት ሳያስፈልጋቸው አስተዳደሩን በራሳቸው ኩባንያ እንዲረከቡ መንገድ ከፍቷል። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ ለጋራ መኖሪያዎች የተለየ የእንባ ጠባቂ አገልግሎት አቋቁማለች። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ አቤት ባዩ የሚጠየቀው ማስረጃ ተመሳሳይ ነው፤ መቼ ጻፍክ፣ ለማን ጻፍክ፣ ምን መልስ አገኘህ።

መሰናበትና ርክክብ

አስተዳዳሪን ማሰናበት የሚከብድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በጀርመን ማኅበሩ አስተዳዳሪውን ያለ ምክንያት በማንኛውም ጊዜ ሊያሰናብት ይችላል፤ ውሉም ከስንብቱ በኋላ ቢበዛ በስድስት ወር ያበቃል። በፈረንሳይ አንድ አስተዳዳሪ በአንድ ጊዜ ከሦስት ዓመት በላይ አይሾምም። ድምፅ መስጠቱ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ርክክብ ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ለውጦች የሚበላሹትም እዚህ ላይ ነው።

ለዓመታት ዝም ያለ አስተዳዳሪ ሲሰናበት ይበልጥ ዝም ይላል። በእጁ ግን የሕንፃው ንድፍ፣ የሊፍቱ የጥገና መዝገብ፣ የእሳት አደጋ መከላከያ ምርመራ ወረቀቶች፣ የመድን ውሉ፣ የተቋራጮች ዋስትና፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የባለቤቶች የክፍያ ታሪክ፣ የጣሪያውና የፓምፕ ክፍሉ ቁልፍ ይገኛሉ። አንዳንዴ የማኅበሩ ገንዘብ የሚቀመጠው በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ሳይሆን በአስተዳዳሪው ሒሳብ ውስጥ ነው፤ የጋራ ቆጣሪዎቹ የተመዘገቡት በድርጅቱ ስም ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የክፍያ ታሪኩም በድርጅቱ ሶፍትዌር ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ሲቀር ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት ማረጋገጥ አይቻልም። የፈረንሳይ ሕግ ይህን አስቀድሞ በማሰብ ተሰናባቹ የገንዘቡን ሁኔታና የባንክ ሒሳቡን መረጃ በ15 ቀን፣ ሰነዶቹን ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያስረክብ ገደብ ጥሎበታል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ ገደቡን የሚጥለው ውሉና የጉባኤው ውሳኔ ነው። ስለሆነም የስንብቱ ቃለ ጉባኤ «አስተዳዳሪው ተነሥቷል» በሚል አንድ መስመር መቆም የለበትም፤ አዲሱን አስተዳዳሪ፣ በባንክ የሚፈርሙትን ሰዎች፣ የርክክቡን ቀንና የሚረከቡትን ሰነዶች ዝርዝር በዚያው ስብሰባ ይወስን። ስንብቱ ከመነገሩ በፊት ደግሞ ኮሚቴው በባለቤትነት መብቱ የሚያገኛቸውን ሰነዶች ቅጂ ቢወስድ ብዙ ድካም ይቀራል።

አዲሱ ውል ሲረቀቅ «ድርጅቱ ለባለቤቶች ጥያቄ ተገቢውን ምላሽ ይሰጣል» የሚለው የተለመደ ሐረግ መወገድ አለበት፤ ማንም በእርሱ ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም። በምትኩ ማንኛውም የጽሑፍ ጥያቄ ቁጥር ተሰጥቶት በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ መድረሱ እንዲረጋገጥ፣ በአሥር ቀናት ውስጥ ውሳኔ ወይም የዘገየበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ ለውሃ፣ ለኤሌክትሪክና ለሊፍት አደጋ በማንኛውም ሰዓት የሚነሳ ስልክ እንዲኖር፣ ያልተዘጉ ጥያቄዎች ዝርዝር ከባንክ መግለጫው ጋር በየወሩ ለኮሚቴው እንዲቀርብ ይጻፍ። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ መረጃው ሁሉ የማኅበሩ ንብረት መሆኑ፣ በሌላ ሶፍትዌር ሊነበብ በሚችል ቅርጽም በየሩብ ዓመቱ ቅጂው እንዲሰጥ ይካተት። ክፍያው ላይ ደግሞ ከመደበኛው ሒሳብ የተወሰነው ክፍል የሚለቀቀው ይህ ወርሃዊ ዝርዝር ሲቀርብ ብቻ እንዲሆን ቢደረግ፣ ለባለቤት መልስ መስጠት ለድርጅቱ ያለ ገቢ የሚሠራ ተጨማሪ ሥራ መሆኑ ይቀራል።